የጨረቃ ሰዓት ስንሠራ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ጅማ ሆኖ የጨረቃን መልክ የሚያሳይ ሰዓት መሥራት ለሚያምረው ሰው፣ ቀድመው መጥራት ያለባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው።

«የጨለመው ክፍል የምድር ጥላ ነው።»
አይደለም። የምድር ጥላ ጨረቃ ላይ የሚያርፈው በግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው። ፀሐይ ሁልጊዜ የጨረቃን ግማሽ ታበራለች፤ የሚለዋወጠው ከዚያ ውስጥ ለእኛ የሚታየን ነው። የድሮ ሰዓቶች ብዙዎቹ ጨረቃዋን ከክብ ጉብታ ጀርባ ያሳልፏታል። ማጭድ ስትሆን ያምርባታል። ከግማሽ በላይ ስትሞላ ግን ጎኗ የተገመጠ ትመስላለች። ሰማይ ላይ እንዲህ የምትሆነው ግርዶሽ ሲይዛት ነው።

«ወሯ 29 ቀን ተኩል ነው፣ አለቀ።»
በአማካይ 44 ደቂቃ ገደማ ይጨመርበታል። የተለመደው ሰዓት ሁለት ጨረቃ የተሳለበትና 59 ጥርስ ያለው ዲስክ አለው፤ በቀን አንድ ጥርስ ይራመዳል። ደቂቃዎቹ ተጠራቅመው ከሁለት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ በኋላ አንድ ቀን ያሳስቱታል። ባለ 135 ጥርስ የሆነው ረቀቅ ያለ ዓይነት ደግሞ አንድ ቀን ለመሳት 122 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ለሳሎን ግድግዳ ግን ባለ 59ኙ ይበቃል ባይ ነኝ። ሲሳሳት ገፋ ማድረግ ነው።

«የጨረቃ ሥዕል የትም አገር አንድ ነው።»
ዋናው ጉድ እዚህ ጋ ነው። በአንድ ቀን የምትሞላው መጠን ለሁሉም አገር አንድ ነው። አቀማመጧ ግን ይለያያል። አውሮፓ የተሠራው ሰዓት እየሞላች ያለችውን ጨረቃ ቀኝ ጎኗን አብርቶ ያቆማታል። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ እንኳ አትሞላም። እዚህ አዲሷ ጨረቃ ማታ በምዕራብ ስትታይ በጀርባዋ የተንጋለለች ናት፤ ቀንዶቿ ወደ ላይ፣ ብርሃኗ ወደ ታች። እንደ ወቅቱ ትንሽ ታዘነብላለች። ደግሞ በየወሩ ለተወሰኑ ቀናት ከአናታችን በስተሰሜን ታልፋለች። ያኔ እየሞላች ከሆነ፣ ወደ ሰሜን ዞሮ ለሚያያት የሚበራው ግራ ጎኗ ነው! ስለዚህ «ቀኝ» እና «ግራ» ብሎ መጀመር ራሱ ለእኛ አይሠራም። የሚሻለው ሥዕሉን የሚያዞር ሁለተኛ ሞተር መጨመር ነው። ያ ከበዛ ብርሃኑን ወደ ታች አድርጎ መሳል፤ ቢያንስ ማታ በረንዳ ላይ ወጥቶ የሚያይ ሰው አይስቅብንም።

«ረመዳን መግባቱን ይነግረናል።»
ሰዓቱ አዲስ ጨረቃ የሚለው ጨረቃ ከፀሐይ ጋር በአንድ አቅጣጫ የምትሆንበትን ቅጽበት ነው። ያኔ ጭራሽ አትታይም። በዓይን የምትታየው አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ማታ ወይም ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም ደመናው ከፈቀደ።

«ኢንተርኔት ከሌለ አይሠራም።»
ይሠራል። አርዱዊኖ (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) እና ባትሪ ያለው የሰዓት ቺፕ በቂ ነው። መነሻው ታኅሣሥ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. ከምሽቱ 3:14 ላይ የነበረው አዲስ ጨረቃ ይሁን። ከዚያ ወዲህ ያለፉትን ቀናት ለ29.530588 ማካፈል፤ ቀሪው የጨረቃዋ ዕድሜ፣ ማለትም ከአዲስ ጨረቃ ወዲህ ያለፉት ቀናት ነው። ግማሽ ቀን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊስት ይችላል፤ በዓይን ግን ብዙም አይለይም።