የተወሰኑ ድረ ገጾች ብቻ አልከፍት ሲሉ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቪዲዮ ይታያል፣ መልእክት ይላካል፤ አንድ ሁለት ገጾች ግን እሺ አይሉም። አንድ ገጽ እንዲከፈት ስሙ ወደ ቁጥር አድራሻ መተርጎም፣ መንገዱ መገኘት፣ ፓኬቶቹ (መረጃው ተቆራርጦ የሚላክባቸው ትንንሽ ጥቅሎች) ሳይወድቁ ማለፍ፣ የገጹን ማንነት የሚያሳየው የምስክር ወረቀት መረጋገጥ፣ በመጨረሻም ሰርቨሩ፣ ማለትም ገጹ ያለበት ኮምፒውተር፣ መፍቀድ አለበት። ከታች ያሉት አመለካከቶች በአብዛኛው የሚመጡት የትኛው ላይ እንደቆመ ሳይጣራ ወደ መፍትሔ ከመሮጥ ነው።

«ሌላው ሁሉ ስለሚከፈት ጥፋቱ የገጹ ነው»

ሊሆን ይችላል፤ ግን ሁለት ሙከራ ሳይደረግ አይፈረድበትም። በዚያው ዋይፋይ ላይ በሌላ መሣሪያ ገጹን ይሞክሩ። ከዚያ የስልክዎን ሞባይል ዳታ በሆትስፖት አጋርተው ያስቸገረውን ኮምፒውተር ያገናኙ። አንዳንድ ስልኮች ዋይፋዩን መልሰው ስለሚያጋሩ የስልኩን ዋይፋይ ማጥፋት አይርሱ፤ አለዚያ ሙከራው ከንቱ ነው።

በዋይፋዩ ላይ ሌላው መሣሪያ ከከፈተው ችግሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፦ የብራውዘር ኤክስቴንሽን፣ አንቲቫይረስ፣ ፕሮክሲ (ግንኙነቱን በመሐል ሆኖ የሚያስተላልፍ)፣ ወይም የገጽ ስሞችን ከነአድራሻቸው በሚይዘው፣ ሆስትስ በሚባለው ፋይል ውስጥ የተረሳ መስመር። በዋይፋዩ ሁሉም መሣሪያ እምቢ ብሎ በሆትስፖት ከተከፈተ ጉዳዩ የራውተሩ ወይም የኢንተርኔት አቅራቢው ነው። በሁለቱም እምቢ ሲል ነው ገጹን ራሱን መጠርጠር።

«ፒንግ ካልመለሰ ሰርቨሩ ጠፍቷል»

ፒንግ «አለህ?» ብሎ ትንሽ ፓኬት ልኮ መልስ የሚጠብቅ ትእዛዝ ነው። ብዙ ሰርቨሮች ለፒንግ እንዳይመልሱ ሆን ተብሎ ተዘግተዋል፤ ገጻቸው ግን ያለችግር ይከፈታል። በተቃራኒው ፒንግ ስለመለሰ ብቻ ገጹ ይከፈታል ማለት አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ስለ ፓኬት መጠን ስናነሳ ይታያል።

«ዲኤንኤስን ወደ 8.8.8.8 መቀየር ሁሉንም ይፈታል»

8.8.8.8 የጉግል ዲኤንኤስ ነው። የዲኤንኤስ ሥራ ስምን ወደ አድራሻ መተርጎም ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ብራውዘሩ የገጹ አድራሻ አልተገኘም ካለ ወይም ኤንኤክስዶሜይን (NXDOMAIN) የሚል ቃል ካሳየ እዚህ መፈለግ ተገቢ ነው። ግንኙነቱ ጊዜው አለፈ ካለ ግን ስሙ አብዛኛውን ጊዜ ተተርጉሞ አልቋል።

ለማጣራት በኮማንድ ፕሮምፕት፣ ማለትም በዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ መስኮት፣ ኤንኤስሉክአፕ (nslookup) ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ የገጹን ስም ይጻፉ። ያንኑ ይድገሙና መጨረሻው ላይ ክፍት ቦታ ትተው 1.1.1.1፣ ማለትም የሌላ ዲኤንኤስ አድራሻ፣ ይጨምሩ። የመጀመሪያው ስህተት ሰጥቶ ሁለተኛው አድራሻ ካመጣ የእርስዎ ዲኤንኤስ ተበላሽቷል። ሁለቱ የተለያየ ቁጥር ቢያመጡ አይደንግጡ፤ ትልልቅ ገጾች በብዙ ቦታ ሰርቨር ስላላቸው መልሱ እንደ ጠያቂው ይለያያል። የሚያጠራጥረው መልሱ 0.0.0.0 ወይም 127.0.0.1 ሲሆን ነው፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማጣሪያ ስሙን እንደዘጋው ያሳያል።

ራውተሩ ላይ ቀይረው ምንም ካልተለወጠ ደግሞ ለውጡ ላይደርስ ይችላል። ብራውዘሮች የራሳቸው ሴኪዩር ዲኤንኤስ፣ ከአንድሮይድ 9 ወዲህ ያሉ ስልኮችም ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚባል ምርጫ አላቸው፤ እነዚህ ሲበሩ የራውተሩን ያልፉታል። በዊንዶውስ የቆየውን መልስ ከኮምፒውተሩ ለማጽዳት አይፒኮንፊግ ብለው፣ ክፍት ቦታ ትተው፣ ስላሽ ፍላሽዲኤንኤስ ይጻፉ (ipconfig /flushdns)።

«ገጹ ግማሽ መጥቶ ከቆመ ፍጥነቱ አንሶ ነው»

ይህ ከሁሉም በላይ ሰው የሚያደክም ስህተት ነው፤ ከፍ ያለ ፓኬጅ ገዝተውም ችግሩ እንዳለ ይቀራል። የፍጥነት መለኪያው ጥሩ ቁጥር እያሳየ አንዳንድ ገጽ ርእሱን ብቻ አሳይቶ የሚንጠለጠል ከሆነ የፓኬት መጠንን፣ ማለትም ኤምቲዩን ይጠርጥሩ።

በኢተርኔት አንድ ፓኬት እስከ 1500 ባይት ይሸከማል። መስመሩ ፒፒፒኦኢ ከሆነ፣ ማለትም ራውተሩ በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል የሚገባ ከሆነ፣ 8 ባይት ለራሱ ይወስዳልና 1492 ይቀራል። ከዚያ የበለጠ ፓኬት ሲመጣ በጠባቡ ቦታ ያለው ራውተር «አሳንሰህ ላክ» የሚል መልእክት ለላኪው ይመልሳል። በመንገዱ ላይ ያለ ፋየርዎል (የሚያልፈውን የሚያጣራ መከላከያ) ይህን መልእክት ከጣለው ላኪው አያውቅም፤ ያንኑ ትልቅ ፓኬት ደጋግሞ ይልካል፣ እሱም ደጋግሞ ይወድቃል። ትንንሾቹ ግን ያልፋሉ። ፒንግ የሚመልሰው፣ ግንኙነቱም የሚጀመረው ለዚህ ነው። መልእክቱ የሚጣለው በአንዳንድ መንገዶች ላይ ብቻ ስለሆነም ችግሩ የሚታየው በአንዳንድ ገጾች ላይ ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። በዊንዶውስ ፒንግ ብለው፣ አትከፋፍል የሚለውን ሰረዝ ኤፍ፣ ከዚያ ሰረዝ ኤል ብለው 1472፣ በመጨረሻ 1.1.1.1 ይጻፉ (ping -f -l 1472 1.1.1.1)። 1472 የሆነው 28 ባይት ራስጌ (አድራሻና መሰል መረጃ የያዘው የፓኬቱ መነሻ) ሲጨመርበት 1500 ስለሚሞላ ነው። መከፋፈል ያስፈልጋል የሚል መልስ ከመጣ ወይም ዝም ካለ 8 እየቀነሱ ይሞክሩ፤ 1464 ላይ ከመለሰ መስመርዎ 1492 ነው። በተገኘው ትልቁ ቁጥር ላይ 28 ጨምረው በራውተሩ ዋን (WAN፣ የውጭ ግንኙነት) ገጽ ላይ ኤምቲዩ (MTU) በሚለው ቦታ ያስገቡ። ኤምኤስኤስ ክላምፒንግ (MSS clamping) የሚል፣ ላኪዎች ከመነሻው አነስ ያለ ፓኬት እንዲልኩ የሚያደርግ ምርጫ ካለ ያብሩት፤ ቁጥር ከጠየቀ ከኤምቲዩው 40 ይቀንሱ፣ ለ1492 ማለት 1452። «ለማንኛውም» ብሎ በጣም ዝቅ ማድረግ ግን አያዋጣም፤ ከ1280 በታች አይፒ ቨርዥን 6፣ ማለትም አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ አሠራር፣ አይሠራም።

«በቪፒኤን ከተከፈተ ገጹ ታግዷል ማለት ነው»

ቪፒኤን ግንኙነትዎን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት ነው። ሲበራ ዲኤንኤሱ፣ መንገዱ፣ የሚታየው አድራሻዎና የፓኬቱ መጠን በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ። ስለዚህ መከፈቱ ከአራቱ አንዱ ችግር እንደነበረው ብቻ ይናገራል። ዲኤንኤሱንና መጠኑን ከላይ እንደተባለው ካጣሩ በኋላ አድራሻውን ይመልከቱ። በራውተሩ ዋን ገጽ ላይ የሚታየው አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ አንዱን የውጭ አድራሻ ከብዙ ደንበኞች ጋር ይጋራሉ፤ አንዱ ተጋሪ ባጠፋው ገጹ ሁላችሁንም ሊዘጋ ይችላል።

«አይፒ ቨርዥን 6ን አጥፍቶ መገላገል»

ለሙከራ ጥሩ፣ ለዘለቄታው መጥፎ። የተበላሸው የቆየው አሠራር ቨርዥን 4 ከሆነና እየከፈቱልዎ ያሉት በቨርዥን 6 የሚመጡት ትልልቅ ገጾች ብቻ ከሆኑ፣ ሲያጠፉት የቀረውም ይዘጋል። ስለዚህ የሚከፈቱት የትኞቹ እንደሆኑ አስቀድመው ይዩ።

«የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ከመጣ ገጹ ተጠልፏል»

መጀመሪያ የመሣሪያውን ቀንና ሰዓት ይዩ። የምስክር ወረቀት የሚጸናበት ጊዜ ስላለው ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር ደህናውን ገጽ አይቀበልም። ቀኑ ትክክል ሆኖ መሣሪያው አሮጌ ከሆነ በውስጡ ያሉት ዋና የምስክር ወረቀቶች አርጅተው ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2021 ብዙ ገጾች የሚመኩበት አንዱ ጊዜው ሲያልፍ፣ ያልታደሱ መሣሪያዎች በርካታ ደህና ገጾችን መክፈት አቁመዋል። ሰዓቱም መሣሪያውም ደህና ከሆነ ማስጠንቀቂያውን አልፈው አይግቡ።

«403 ወይም 503 የኔትወርክ ችግር ነው»

አይደለም። ቁጥሩን የላከው የገጹ ወገን ነው፤ መንገዱ ደህና ነው ማለት ነው። 403 አልፈቅድም፣ 503 ለጊዜው አልችልም ነው።

«ሪሴት ቁልፉን መጫን አይጎዳም»

አጥፍቶ ማብራትና ሪሴት አንድ አይደሉም። በቀጭን ነገር ተጭነው የሚይዙት ቁልፍ የፒፒፒኦኢውን ስምና ይለፍ ቃል ጨምሮ ሁሉንም ይሰርዛል፤ እነዚያን በእጅዎ ካልያዙ የሚከፈቱትንም ገጾች ያጣሉ። ይልቅ ለአቅራቢው ሲደውሉ የገጹን ስም፣ ኤንኤስሉክአፕ ያመጣውን አድራሻ፣ የሞከሩበትን ሰዓትና የትሬስሩትን (ፓኬቱ የሚያልፍባቸውን ራውተሮች በተራ የሚዘረዝር ትእዛዝ፣ በዊንዶውስ tracert) ውጤት ይዘው ይቅረቡ። በትሬስሩቱ መሐል ኮከብ ብቻ ያለበት መስመር ቢኖር ከሱ በኋላ ያሉት እስከመለሱ ድረስ ብልሽት አይደለም።