ሮዝ ገዝታችሁ ወፍ ለምትጠብቁ

ስድስት ኪሎ አካባቢ ችግኝ እሸጣለሁ። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ አንድ ዓይነት ደንበኛ ይመጣል። «ግቢዬ ወፍ እንዲመጣልኝ ፈልጌ ነው» ይላል። ደስ ይለኛል። ከዚያ ጣቱን ወደ ሮዙ ይቀስራል። ደስታዬ እዚያ ላይ ያበቃል።

የሮዙን ነገር ላቆየውና ከደንበኞቼ የምሰማቸውን ትንንሾቹን ስህተቶች ላስቀድም።

«ግቢዬ ጠባብ ነው፣ ወፍ አይመጣም።» ወፍ የሚወደው የፈረስ ዘንግ የሚባል ተክል አፉ በተቆረጠ የ20 ሊትር ጀሪካን ይበቅላል። እሬት ደግሞ ውሃ እንኳ አይለምናችሁም።

«ፍርፋሪ ብበትን ይበቃል።» ርግብ ይመጣል። አይጥም ይመጣል።

«እነዚህ ሁሉ ድንቢጦች ናቸው።» አይደሉም። ከዓይኗ በላይ ነጭ ቅንድብ ያላት ትንሽ ቡናማ ወፍ ካያችሁ ድንቢጥ አይደለችም። ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አትገኝም። ፈረንጅ እሷን የመሳሰሉትን ለማየት ትኬት ቆርጦ ይመጣል፤ እኛ «እሽ!» እንላታለን። ዘር ለቃሚ ናት፤ አደይ አበባ ሲደርቅ ነቅላችሁ አትጣሉባት።

አሁን ወደ ሮዙ። ሰው ሁሉ «ደማቅ አበባ ካለ ወፍ ይመጣል» ብሎ ያምናል። ወፍ ለፎቶ አይመጣም። ለመብል ነው የሚመጣው። ያ የምትወዱት ድርብርብ ሮዝ ለወፍ የሚሆን ማር የለውም። ቡገንቪላም ቢሆን ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። ቀይ ሆኖ የሚታያችሁም ቅጠሉ ነው። እውነተኛ አበባው መሃል ላይ ያለችው ነጭ ትንሽ ነገር ናት።

አንዲት የአራት ኪሎ ልጅ ስድስት ሮዝ ገዝታኝ ነበር። በዓመቱ ተመልሳ መጣች።

«ጋሼ፣ ሮዙ አምሯል። ወፍ ግን የለም።»

«ድሮስ ይመጣ ነበር?»

«ጥግ ላይ ብርቱካናማ፣ የሚዋጋ አረም ነበር። እሱ ላይ አንድ ጥቁር ወፍ ይመላለስ ነበር። ለሮዙ ቦታ እንዲለቅ አስነቀልኩት።»

ራሴን ያዝኩ። አረም ያለችው የፈረስ ዘንግ ነው፤ አንዳንዱ ራስ ክምር ይለዋል። እንጦጦ መንገድ ዳር ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ጥቁር ያለችው ወፍም ጥቁር አይደለም። ጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል እንጂ ፀሐይ ሲያገኘው ሐምራዊ ሆኖ ያብረቀርቃል። ሳይንሳዊ ስሙ የተወሰደው ከተከዜ ወንዝ ነው። ይህን ያህል የኛ የሆነ ወፍ ደጇ ድረስ መጥቶላት ነበር፤ በገንዘቧ አባረረችው።

የዚህ ወፍ ምንቃር ቀጭንና ቆልማማ ነው። የፈረስ ዘንግ አበባም እንደ ቧንቧ ረጅምና ጎበጥ ያለ ነው፤ ማሩ ከታች ነው። ልክክ ይላሉ። አበባው ግንዱን ዙሪያውን እየከበበ በደርብ በደርብ ስለሚወጣ ወፉ አንዱ ላይ ቁጭ ብሎ ከላይኛው ይመጥጣል። በቴሌቪዥን የምታዩት አየር ላይ ቆሞ የሚመጥጠው የአሜሪካ ወፍ ነው። የኛው መቀመጫ ይፈልጋል። ስለዚህ ስኳር በጥብጣችሁ በጠርሙስ ለመስቀል አትድከሙ፤ ግንዱ ጠንከር ያለ ተክል ይበልጣል። እሬት፣ አሽንዳ፣ ቦታ ላለው ደግሞ ኮሸሽላ። ኮሸሽላ እሾሃም ነው፤ ልጅ ካለ ከመተላለፊያ አርቁት።

ሮዝ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ለሚል ሰው የራሳችን ሮዝ አለ። ቀጋ ይባላል። አበባው ነጭና ነጠላ ነው፤ ፍሬው ለወፍም ለልጅም ይሆናል። «እሾሁ» ይሉኛል። እሾሁማ ድመት ጎጆው ጋ እንዳትደርስ ነው። ሮዝስ እሾህ የለውም እንዴ?

አንድ ሌላም አለ፤ ይሄኛው ያናድደኛል። ወፍ እየፈለጋችሁ ፀረ-ተባይ ትረጫላችሁ። ማር የሚመጥጠው ወፍ እንኳ ጫጩቱን የሚያሳድገው በትንንሽ ነፍሳትና በሸረሪት ነው። ጎጆውንም የሚያያይዘው በሸረሪት ድር ነው። ቅጠል ላይ ትንሽ ተባይ ብታዩ ተዉት፤ ከበዛ በውሃ እጠቡት። አጥር ላይ ያለውን ድርም በመጥረጊያ አትጥረጉ። ሳሎን ውስጥ ያለውን እንደፈለጋችሁ።

ውሃ በጠፍጣፋ ሳህን አስቀምጡ፤ ጥልቀቱ ከሁለት ጣት አይብለጥ። በየቀኑ ቀይሩት። ችግኙን ክረምቱ ሲገባ ትከሉ፤ ዝናቡ ያጠጣላችኋል። የፈረስ ዘንግ አበባው ሲረግፍ እስከ ዘሩ ይቆይ፤ ከዚያ ከረከሙት እንደገና ያቆጠቁጣል።

የአራት ኪሎዋ ልጅ ባለፈው ሁለት የፈረስ ዘንግ ወሰደች። ገንዘቡን ስትከፍል እያመነታች ነበር፤ አረም በገንዘብ መግዛት ከብዷት።

«ሮዙንስ ልንቀለው ጋሼ?»

«ለምን? እሱ ለእንግዳ ይሁን» አልኳት።