የአማካሪ ምስጢር እስከ የት ድረስ ነው?

ጎንደር ውስጥ ሰዎች «ለአማካሪው የነገርኩት ከእርሱ አይወጣም?» ሲሉ፣ በልባቸው የንስሐ አባታቸውን እያሰቡ ነው። ሁለቱ ግን ይለያያሉ። ኑዛዜ አይገለጥም፤ የሥነ ልቦና አማካሪ ምስጢር ግን ወሰን አለው። ተገልጋዩ ራሱን ሊያጠፋ ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ከተቃረበ፣ አማካሪው አደጋውን ለማስቀረት የሚበቃውን ያህል ብቻ ለሚመለከተው ይናገራል። ይህ ወሰን ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ጭውውቱ ሳይጀመር መነገር አለበት። ሰው ልቡን ከከፈተ በኋላ ቢሰማው ክህደት ይሆንበታል፤ እኔም እፈርድለታለሁ።

የተገልጋይ ታሪክ በጥናት ላይ ሲጻፍ ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል። ስም መቀየር ብቻውን ምስጢር መጠበቅ አይደለም፦ «የአዘዞዋ ነርስ፣ የመንታ ልጆች እናት» ተብሎ ከተጻፈ፣ ስሟ ባይጠራም ጎረቤቶቿ በአንድ ንባብ ያውቋታል።