የወይን ጓዳ በባሕር ዳር ቤቶች

የወይን ጓዳ ማለት የወይን ጠጅ ጠርሙሶች ከሙቀት፣ ከብርሃንና ከንቅናቄ ርቀው ለወራት ወይም ለዓመታት የሚቆዩበት ክፍል ነው። መጠጥ በጓዳ ማቆየት ለጣና ዳር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ጠጁ ከጥንትም ጨለማ ጥግ ላይ በጋን ነው የሚቀመጠው። ጌሾው ከዘጌ ይመጣል፣ በደሴቶቹ ገዳማት ደግሞ የቅዳሴው ወይን ከዘቢብ ይዘጋጃል።

ጓዳ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው መቆፈርን ነው። እዚህ ግን ነገሩ እንደ ፈረንሳይ አይደለም። ጠለቅ ያለ አፈር ሙቀቱ ከአካባቢው አየር የዓመት አማካይ ጋር ይቀራረባል፤ እዚያ አማካዩ ዝቅ ያለ ስለሆነ መሬቱ ራሱ ወይን የሚወደውን ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ያህል ይሰጣል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም የዓመት አማካይዋ ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል፤ ስለዚህ የቱንም ያህል ቢቆፈር 13 ዲግሪ አይገኝም። የሚገኘው የማይዋዥቅ 20 ነው። እሱም ቢሆን ቀላል ጥቅም አይደለም። ሙቀት ከፍ ዝቅ ሲል ፈሳሹ እየሰፋና እየጠበበ ቡሹን ይገፋዋል፣ ከዚያ አየር ይገባል፣ ወይኑም ይኮመጥጣል።

ሌላው ችግር ውሃ ነው። ሐይቁ ዳር ባሉት ሰፈሮች የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ስለሆነ ክረምት ላይ ጉድጓዱ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ከፍ ካሉ ይሻላል። እንደ እኔ ግን ለአብዛኛው ቤት የሚበጀው ምድር ቤት ሳይሆን መስኮት የሌለው፣ የከሰዓት ፀሐይ የማያገኘው የውስጥ ክፍል ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ካለው እሰየው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የውጭው ሙቀት 30 ዲግሪ ስለሚደርስ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ማቆየት የሚፈልግ ሰው የወይን ፍሪጅ መግዛት ይኖርበታል። መብራት ሲጠፋ በሩን አለመክፈት ነው።

እርጥበቱ ከ60 እስከ 70 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። በጋ ላይ አየሩ ስለሚደርቅ ውሃ የሞላ ሳፋ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ክረምት ላይ ግን ተቃራኒው ነው። አንድ ነሐሴ ላይ ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ጠርሙስ ጉደር የሚባለውን ቀይ ወይን ሳነሳ የስሙ ወረቀት ተልጦ እጄ ላይ ቀረ፤ ከጀርባው ግራጫ ሻጋታ ነበረበት፣ ወይኑ ግን ደህና ነበር። ከዚያ ወዲህ የገዛሁበትን ወር በጠርሙሱ ቂጥ ላይ በማርከር እጽፋለሁ።

ጠርሙሱ ባለ ቡሽ ከሆነ ይጋደማል። ቡሹ ካልረጠበ ይደርቅና ይሰነጠቃል። የሚጠመዘዝ ክዳን ያለው ከሆነ ቢቆምም ግድ የለም።

ለመጀመሪያ ክምችት የአገራችን ወይን በቂ ምርጫ አለው። እ.ኤ.አ. በ1943 የተመሠረተው አዋሽ ደረቁን ቀይ ጉደርንና ጣፋጩን አክሱሚትን ይሠራል። ዝዋይ ላይ ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ የቀረበው ካስትል ደግሞ ሪፍት ቫሊ በሚለው ስም ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ነጩን ሻርዶኔ፣ አካሺያ በሚለው ስም ደግሞ ለዘብ ያሉትን ያወጣል። ካበርኔና ሲራ ከወይኑ ልጣጭ የሚመጣው፣ አፍ የሚያደርቀው ታኒን ስለሚበዛባቸው የተሻለ ይቆያሉ። ነጭ ወይን ቀድሞ ይጠጣል፤ ቀዝቃዛ ስለሚፈልግም ታችኛው መደርደሪያ የሱ ነው። የአገር ውስጥ ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል ወይ በሚለው ላይ ሰው አይስማማም። ደህና ካበርኔ ሁለት ሦስት ዓመት የሚችል ይመስለኛል፣ ጣፋጮቹን ግን ማቆየቱ ምንም ጥቅም የለውም።

ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል የሚባለው ለቀዝቃዛ አገር ቤት የተባለ ነው። ሚያዝያ ላይ ባሕር ዳር ውስጥ ሳሎኑ 27 ዲግሪ ሆኖ ቀዩን እንዳለ መቅዳት ወይኑን መበደል ነው። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይና ይከፈት።