ሌቭሊንግ ኪት ምንድን ነው? የፒክአፕ አፍንጫ ለምን ይደፋል?

ባዶውን የቆመ ፒክአፕ በጎን በኩል እዩት። ፊቱ ደፋ፣ ኋላው ቀና ያለ ነው። መጠኑ ከመኪና መኪና ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ኢንች፣ ማለትም ከ2.5 እስከ 7.5 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሌቭሊንግ ኪት የሚባለው ይህን ልዩነት ለማጥበብ ወይም ለማጥፋት የመኪናውን ፊት ብቻ ከፍ የሚያደርግ ዕቃ ነው። ኋላው አይነካም። ከሊፍት ኪት የሚለየውም በዚሁ ነው። ሊፍት ኪት መኪናውን ከነኋላው ያነሳል፣ አንዳንዱም እስከ 6 ኢንች ይሄዳል።

ትርጉሙ ይኼው ነው። ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ፋብሪካው መጀመሪያውኑ ለምን ደፍቶ ሠራው?

ፒክአፕ የጭነት መኪና ነው። ዕቃው የሚያርፈው ካሶኒው ላይ ነው፣ ክብደቱን የሚሸከመው ደግሞ በዋናነት የኋላው ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ሞላ) ነው። ዕቃ ሲጫን ባሌስትራው ይተኛል፣ ኋላው ይወርዳል፣ መኪናው ያኔ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ባዶውን ሲቆም የምናየው መደፋት ለጭነት የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው። ፊቱን ስናነሳ መጠባበቂያውን በላነው ማለት ነው። ከዚያ ጥሩ ጭነት ሲጫንበት ኋላው ቁጭ ይላል፣ አፍንጫው ሰማይ ያያል። ሾፌሩ ከኮፈኑ ፊት ያለውን መሬት ማየት ይቸግረዋል። ማታ ደግሞ መብራቱ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። ለዚህ ነው ኪቱን ከመግዛት በፊት ስለ ዋጋም ስለ ብራንድም ሳይሆን ‘ይህ መኪና በሳምንት ስንት ቀን ይጫናል?’ ብሎ መጠየቅ የሚሻለው። ብዙ የሚጭን ሰው ባያስገባው ይሻለዋል። ካስገባም ለኋላው ደጋፊ ሞላ ወይም የአየር ከረጢት ማሰብ አለበት።

ታዲያ ሰው ለምን ያስገባዋል? አብዛኛው ለመልኩ ነው፣ ይህን መደባበቅ አያስፈልግም። ቀጥ ብሎ የቆመ መኪና ያምራል። ሌላው ምክንያት ጎማ ነው፤ ፊቱ ከፍ ሲል በጎማውና በፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ባለው ሽፋን) መካከል ቦታ ይገኛል፣ ትንሽ ተለቅ ያለ ጎማ ይገባል። ዳገትና ድንጋይ ላይ የሚነዱ ደግሞ የፊት መከላከያው ቶሎ እንዳይነካባቸው ይፈልጉታል። ከባድ የብረት መከላከያና ዊንች (መኪና መጎተቻ) አስገጥመው ፊቱ የወረደባቸውም አሉ። እነዚህ ግን ሌቭሊንግ ኪት ሳይሆን ጠንከር ያለ ሞላ ነው የሚያስፈልጋቸው። ያረጀና የደከመ ሞላም እንደዚያው ነው። የደከመ ሞላ ላይ ማስረዘሚያ መደረብ በሽታውን መሸፈን ነው።

ኤስዩቪ ላይ ነገሩ ቀለል ይላል። ኤስዩቪ ሰው እንዲጭን የተሠራ ስለሆነ ከፋብሪካም ሲወጣ የፊትና የኋላ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ግማሽ ወይም 1 ኢንች ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። በአየር ሰስፔንሽን፣ ማለትም በሞላ ፈንታ አየር በተሞላ ከረጢት የሚሄዱት ከፍታቸውን ራሳቸው በሴንሰር እየለኩ ስለሚያስተካክሉ ይህ ዓይነቱ ኪት ለእነሱ አይደለም።

አሁን ወደ ዕቃው እንግባ። በጣም የተለመደው ስፔሰር ነው፤ ከአሉሚኒየም፣ ከብረት ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ወፍራም ቀለበት። ሞላውና ሾኩ (የሞላውን መወዛወዝ የሚያረጋጋው) አንድ ላይ ተያይዘው በሚገቡባቸው እንደ ሂሉክስ ባሉ መኪኖች፣ ስፔሰሩ የሚቀመጠው በስብስቡ አናትና በመኪናው አካል መካከል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ የሚጋባበት ነገር አለ። ‘2 ኢንች ያነሳል’ የተባለ ኪት ሲከፈት ውፍረቱ 1 ኢንች ገደማ ይሆናል። ተጭበረበርኩ የሚል አይጠፋም። አልተጭበረበረም። የሾኩ እግር የሚታሰረው የታችኛው አርም (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) መሃል አካባቢ ነው፣ ጎማው ያለው ደግሞ ጫፉ ላይ ነው። በርን አስቡት፤ ማጠፊያው አጠገብ ትንሽ ሲነቃነቅ ጠርዙ ብዙ ይሄዳል። የሾኩ እግር 1 ኢንች ሲወርድ ጎማው ከመኪናው አንጻር 2 ኢንች አካባቢ ይወርዳል። ስለዚህ ስፔሰር ሲገዛ የሚታየው የዕቃው ውፍረት ሳይሆን የሚሰጠው ከፍታ ነው። ‘ወፍራም ነው’ ተብሎ 2 ኢንች ውፍረት ያለው ቢገባ መኪናው 4 ኢንች ሊዘል ይችላል፣ ያ ደግሞ አደጋ ነው።

አደጋው የመገጣጠሚያዎቹ ማዕዘን ላይ ነው። ስፔሰሩ ሾኩን ወደ ታች ስለሚገፋ ጎማው ተንጠልጥሎ ሲወርድ ፋብሪካው ካሰበው በላይ ይወርዳል። የላይኛው ቦል ጆይንት (አርሙን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው መገጣጠሚያ) ይጣመማል። በፎር ዊል መኪና ላይ ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ሰሚያስም በተጣመመ ሲቪ ጆይንት (የሰሚያሱ መታጠፊያ) ይሽከረከራል፣ የመታጠፊያው የላስቲክ መሸፈኛ ቶሎ ይቀደዳል፣ ግሪሱ ይወጣል። አንዳንድ መኪና ላይ የላይኛው አርም ሞላውን ይነካል። በሌላኛው አቅጣጫ፣ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በኃይል ሲገባ ሾኩ ከተመደበለት በላይ ተጨምቆ ውስጡ ሊመታ ይችላል። እስከ 2 ኢንች ባለው ከፍታ ይህን ሁሉ አብዛኛው መኪና ይችለዋል። ከዚያ በላይ ሲሄድ የላይኛውን አርም መቀየር፣ አንዳንዴም የፊት ዲፈረንሻሉን (ኃይልን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለውን) ዝቅ ማድረግ ይመጣል።

ሁለተኛው ዓይነት ስፔሰር ሞላው ላይ ተደርቦ ሞላውን አስቀድሞ የሚጨምቅ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ የሚወርድበት ወሰን አይቀየርም፣ ለመገጣጠሚያዎቹ ይሻላል። ግን ጎማው ከመጀመሪያው ወደዚያ ወሰን ስለሚጠጋ ወደ ታች የቀረው መንገድ ያጥራል። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲታለፍ ፊቱ ‘ጓ’ ይላል። ምቾት የሚወድ ሰው ይህን አይወደውም።

ቶርሽን ባር ያላቸው መኪኖች፣ ለምሳሌ የድሮዎቹ ፎር ዊል ሂሉክሶችና የመጀመሪያው ትውልድ ዲማክስ፣ ፊታቸውን የሚይዘው ሲጠመዘዝ የሚመልስ ረጅም የብረት ዘንግ ነው። እዚያ ከፍታ የሚገኘው የማስተካከያ ብሎኑን በማጥበቅ ወይም የዘንጉን መያዣ በመቀየር ነው። ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ያለ ልክ ያጠብቀዋል፣ ከዚያ መኪናው እንደ ጋሪ ይዘላል። በጣም ጥሩው፣ ዋጋውም ከበድ የሚለው፣ ሾኩንና ሞላውን ከፍታው በሚስተካከል ሙሉ ስብስብ መቀየር ነው። አቅም ካለ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ሾኩ ከአዲሱ ከፍታ ጋር አብሮ ታስቦ የተሠራ ነውና።

ስለ አገጣጠሙ ደግሞ። መጀመሪያ ልኬት ይወሰዳል፤ ከመሬት ሳይሆን ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ፣ በአራቱም ጎማ። ከመሬት ከተለካ የጎማ ንፋስ ያሳስታል። ከዚያ የኋላ ጎማዎች ይታገዳሉ፣ ፊቱ በክሪክ ይነሳል፣ ሻንሲው በጠንካራ መደገፊያ ላይ ያርፋል። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር መግባት የለም። ጎማው ይወልቃል፣ የኤቢኤስ ገመድና የፍሬን ቱቦ ከማሰሪያቸው ይለቀቃሉ እንዳይወጠሩ። ቀጥሎ የላይኛው ቦል ጆይንት፣ የሾኩ የታችኛው ብሎን፣ በመጨረሻም አናቱ ላይ ያሉት ሦስት ዳዶዎች ይፈታሉ። መሃል ላይ ያለው ትልቁ ዳዶ ግን አይነካም! የተጨመቀውን ሞላ የያዘው እሱ ነው። ያለ ሞላ መጭመቂያ ከተፈታ ሞላው ተፈናጥሮ ሰው ሊገድል ይችላል። ስብስቡ ሲወጣ ስፔሰሩ አናቱ ላይ ይታሰራል፣ ሁሉም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። በጎሚኒ (የላስቲክ ቡሽ) ውስጥ የሚያልፉ ብሎኖች የመጨረሻ ጥብቀታቸው የሚሰጠው መኪናው መሬት ነክቶ ክብደቱ ሲያርፍ ነው። ተንጠልጥሎ ሳለ ከተጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይበላል።

ከጋራዥ ቀጥታ የሚኬደው አላይመንት (የጎማ ማዕዘን ማስተካከያ) ነው፣ ‘ነገ’ የሚባል ነገር የለም። ፊቱ ሲነሳ ቶው (የፊት ጎማዎች ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማየት) ይዛባል፣ ጎማ በጎን መበላት ይጀምራል። ካስተርም (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ያለው ዘንበል) ይቀንሳል። መሪን ከመታጠፊያ በኋላ ወደ መሃል የሚመልሰው፣ በፍጥነት ሲኬድም መኪናውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ካስተር ስለሆነ ሲያንስ መሪው ይቅበዘበዛል።

መብራት የሚረሳ ነገር ነው። የሂሉክስ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት፣ መሃል ለመሃል፣ 3.085 ሜትር ነው። ፊቱ በ2 ኢንች ብቻ ከፍ ሲል የመብራቱ ጨረር 50 ሜትር ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል። ከታች የነበረው ብርሃን ከፊት የሚመጣው ሾፌር ፊት ላይ አረፈ ማለት ነው። ከመብራቱ ጀርባ ባለው ማስተካከያ ብሎን ይወርዳል፣ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከፊት ካሜራ ወይም ራዳር ያለው መኪና ከሆነ እሱም ዳግም መስተካከል አለበት።

ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ብሎኖቹ ሁሉ በቶርክ ሬንች (ጥብቀትን በሚለካ ቁልፍ) አንዴ ይታዩ። ፊት በኩል አዲስ የመንኳኳት ድምፅ ከመጣ መጀመሪያ የሚፈተሹት አናት ላይ ያሉት ሦስቱ ዳዶዎች ናቸው።