ጃፓንኛ ስም ያላቸው የዘፈን ፋይሎች አያያዝ በወሎ

ወሎ ውስጥ ዘፈን የሚዞረው በፍላሽና በሚሞሪ ነው። ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ሐይቅ ያለ ሰው ያስጭናል፣ ለጓደኛው ያካፍላል፣ ባጃጁ ላይ ይሰካል። ድምፁ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ እምብዛም አይበላሽም። የሚበላሸው ስሙ ነው። ዘፈኑ ጃፓንኛ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል፤ ስሙ አንዴ ከጠፋ «ይሄ እኮ የእከሌ ነው» ብሎ የሚናገር ሰው በቀላሉ አይገኝም።

የጃፓን ዘፈን ለወሎ ጆሮ ባዳ አይደለም። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ ቦታዎች የተሰየሙ ናቸው። አምባሰልን ከዶ ብንጀምረው ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቢሞል ይሆናል። ጃፓኖች ሚያኮቡሺ የሚሉት ቅኝትም እነዚሁን ድምፆች ነው የያዘው። «ሳኩራ ሳኩራ» የተባለው የታወቀ የሕዝብ ዜማቸው የሚዜመው በዚህ ነው። ባቲ ሜጀር፣ ማለትም ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ፣ ከኦኪናዋ ደሴቶች ቅኝት ጋር ይገጥማል። ትዝታ ሜጀርም ኤንካ ከሚባሉት የጃፓን ባላድ መሰል ዘፈኖች ብዙዎቹ ከሚዜሙበት ዮናኑኪ ቅኝት ጋር አንድ ነው። አካሄዱና ማስዋቢያው ይለያያል። ቢሆንም የማሪቱ ለገሰን አምባሰል እየሰማ ያደገ ሰው ባለ 13 አውታሩን የጃፓን የሙዚቃ መሣሪያ ኮቶ ሲሰማ ግር የሚለው አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ዝምድና ያለው ዘፈን ስም አልባ ሆኖ ሲቀር ያሳዝናል።

ፊደሉ የሚበላሽበት ምክንያት ይታወቃል። ኮምፒውተር ፊደልን የሚይዘው በቁጥር ነው። የጃፓን ዊንዶውስ ለረጅም ጊዜ ሺፍት ጂስ በሚባል ሰንጠረዥ ሲጽፍ ኖሯል። ያንን ስም የእኛ ኮምፒውተር በላቲን ሰንጠረዥ ካነበበው ምስቅልቅል ያለ ምልክት ይወጣል። ጃፓኖች ሞጂባኬ ይሉታል። የእኛም ፊደል ይህን ቀምሷል። ግዕዝ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በየፎንቱ የተጻፈ አማርኛ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት እንዲሁ ነበር የሚሆነው።

ምስቅልቅሉን ረጋ ብሎ ላየው ግን ፍንጭ አለው። «ሳኩራ» ሂራጋና በሚባለው የጃፓን የድምፅ ፊደል ሦስት ፊደል ነው። በሺፍት ጂስ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ስለሚወስድ ስድስት ባይት ይሆናል። በዊንዶውስ የላቲን ሰንጠረዥ ሲነበብ ኮማ የምትመስል ምልክት ከእያንዳንዱ ፊደል ፊት እየቀደመች ትደጋገማለች። በሌላው የድምፅ ፊደላቸው በካታካና የተጻፈ ከሆነ በኮማዋ ቦታ ቆልመም ያለች የላቲን ኤፍ ትመጣለች። እነዚህ ካሉ ፋይሉ ሺፍት ጂስ ነው ማለት ነው። አናቷ ላይ ሞገድ ያለባት የላቲን ኤ ከተደጋገመች ደግሞ ስሙ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ በትክክል ተጽፏል፤ ጥፋቱ የአንባቢው ፕሮግራም ነው። አማርኛ በዚሁ መንገድ ሲበላሽ ኤዋ በሞገዱ ፋንታ ጭረት ትይዛለች።

ስለዚህ የተመሰቃቀለ ስም ሳይመረመር ሪኔም መደረግ የለበትም። ዋናው ስም እዚያው ምልክቱ ውስጥ አለ፣ ይመለሳል። ስሙ የጥያቄ ምልክት ድርድር ብቻ ከሆነ ግን አለቀ፤ ከዚያ ውስጥ የሚወጣ ነገር የለም። ዘፈኑ በዚፕ ታሽጎ የመጣ ከሆነ፣ ዚፑ ሲፈታ ኮድ ፔጅ 932 (የዊንዶውስ የሺፍት ጂስ ሰንጠረዥ መለያ ቁጥር) መምረጥ ነው፤ ባንዲዚፕ የሚባለው ፕሮግራም ይህን ምርጫ ይሰጣል። የተበላሸው ዘፈኑ ፋይል ውስጥ ያለው ታግ (ርዕሱና የዘፋኙ ስም የሚጻፍበት መረጃ) ከሆነ ኤምፒ3ታግ የሚባለው ፕሮግራም ኮድ ፔጁን ይቀይረዋል።

የፋይሉ ስምና ታጉ ለየብቻ የሚቀመጡ ነገሮች ናቸው። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው አይዲ3 የተባለው የኤምፒ3 ታግ ለርዕስ 30 ባይት ብቻ ነበር የሚሰጠው፤ በሺፍት ጂስ 15 የጃፓን ፊደል ማለት ነው። ረዘም ያለ ርዕስ ተቆርጦ የሚገኘው ለዚህ ነው። 2.3 የተባለው እትም ግን ዩኒኮድ ይቀበላል፤ ሲቀመጥ እሱን መምረጥ ይበጃል።

ባጃጅና ሚኒባስ ላይ የሚገጠሙ ርካሽ ቴፖች ጃፓንኛ ቀርቶ አማርኛም አያሳዩም። ብዙዎቹ የሚያጫውቱትም በስም ተራ ሳይሆን ፋይሎቹ ፍላሹ ላይ በገቡበት ቅደም ተከተል ነው። በእኔ እምነት የሚያዋጣው ሁለት ቅጂ መያዝ ነው። ዋናው ክምችት ሃርድ ዲስክ ላይ በጃፓንኛ ስሙ ይቀመጥ። ለመንገድ የሚሆነው ፍላሽ ላይ ደግሞ በቁጥር የሚጀምር የላቲን ስም ይበቃል፤ የሚገለበጠውም ተራውን ጠብቆ ነው።

ፍለጋ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። አማርኛ ላይ «ዓለም» ብሎ የጻፈ ሰው «አለም» ብሎ ሲፈልግ አያገኝም። ጃፓንኛ ላይ ይህ ይብሳል፤ አንድ ስም በካንጂ (ከቻይና በመጣው የቃል ምልክት)፣ በሂራጋና ወይም በካታካና ሊጻፍ ይችላል፣ አንድ ካንጂም ብዙ ንባብ ሊኖረው ይችላል። መፍትሔው የዘፋኙን ስም ንባብ ለመደርደሪያ በተዘጋጀው የታግ ክፍል መጻፍ ነው።

ዓመተ ምሕረቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጃፓኖች ዓመትን በንጉሠ ነገሥት ዘመንም ይቆጥራሉ፤ ሸክላ ላይ ሾዋ 50 (የሾዋ ዘመን 50ኛ ዓመት) ተብሎ ከተጻፈ 1975 እ.ኤ.አ. ነው። የአምባሰል ካሴት ላይ ያለው 1975 ግን ብዙውን ጊዜ ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጅ 1982 ወይም 1983። ሁለቱ አንድ ክምችት ውስጥ እንዳይደባለቁ ታጉ ላይ እ.ኤ.አ. ይግባ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ደግሞ ማስታወሻው ውስጥ ይጻፍ።