ከሌላ ኮከብ የመጣው እንግዳ፦ ጅራታም ኮከብ ወይስ መንኮራኩር?

ክረምቱ ወጥቶ የጅማ ሰማይ በጠራበት ሰሞን ተማሪዎቼ ስልካቸውን ይዘው መጡ። «መምህር፣ የባዕድ ፍጡራን መንኮራኩር እየመጣ ነው ይላሉ፤ ማታ ጂሬን ብንወጣ ይታየናል?» የሚሉት 3አይ አትላስ የተባለውን፣ በረዶ ያዘለ ጅራታም ኮከብ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2025 ቺሊ ውስጥ በተተከለ ቴሌስኮፕ የተገኘ፣ ከሌላ ሥርዓተ ፀሐይ እንደመጣ የታወቀ ሦስተኛው እንግዳ ነው። ጥያቄያቸው ደስ አሰኝቶኛል፤ አብረውት የመጡትን ስሕተቶች ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«ወደ ምድር እየመጣ ነው»

አይደለም። በጣም ቀረበ በተባለበት ጊዜ እንኳ 270 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቆን ነው ያለፈው፤ የጨረቃን ርቀት 700 ጊዜ ማለት ነው። ጂሬን ቀርቶ ራስ ዳሽን አናት ላይ ቢወጡ በዓይን ብቻ አይታይም።

«ያለ ሞተር እንዲህ አይፈጥንም»

ወደ ፀሐያችን ግዛት የገባው በሰከንድ 58 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ነው። በዚህ ፍጥነት ከጅማ አዲስ አበባ ስድስት ሰከንድ ነው። ይሁን እንጂ ከዋክብትም ቆመው አያውቁም። አንድ ግዙፍ ፕላኔት በስበቱ አሽቀንጥሮ የጣለው በረዶ የትውልድ ኮከቡን ጉዞ ይዞ ይወጣል፤ በመንገዱ የሚያገኛቸው ከዋክብት ስበትም ይጨምርለታል።

«ኦሙዋሙዋን የገፋው ሞተር ነው»

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ይገባል፤ እንቆቅልሹ እውነተኛ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2017 ሃዋይ ላይ የተገኘው ይህ የመጀመሪያው እንግዳ ከፀሐይ ሲርቅ፣ ስበት ብቻውን ከሚያዘው በጥቂቱ ፈጥኖ ተገኘ። ጋዝና አቧራ የሚተፉ ጅራታም ኮከቦች ያላቸው ጅራት ግን አልታየበትም። የሃርቫርዱ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ አቪ ሎብ በፀሐይ ብርሃን የሚገፋ፣ በባዕድ ፍጡራን የተሠራ ስስ ሸራ ሊሆን ይችላል አለ። መጠየቁ ነውር የለውም። ነገር ግን በደንብ በጋለ የቡና መቁያ ምጣድ ላይ የውኃ ጠብታ ጣል አድርጉ፤ ወዲያው አትደርቅም፤ ከሥሯ የሚወጣው እንፋሎት ተሸክሞ ወዲያና ወዲህ ይነዳታል። በረዶ ያዘለ አካልም ፀሐይ የመታው ጎኑ ጋዝ ሲተፋ ወደ ሌላው ጎን ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት ይህ ጋዝ በበረዶው ውስጥ ታፍኖ የቆየ ሃይድሮጅን ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ሌሎች ተመራማሪዎች አካሉ ራሱ የናይትሮጅን በረዶ ነው ይላሉ። ክርክሩ አልተቋጨም፤ ሞተር ለመገመት የሚያስገድድ ነገር ግን የለም።

«ሳይንቲስቶች ሳያጣሩ ነው የሚክዱት»

ይህ ያሳዝነኛል። ኦሙዋሙዋን አሜሪካ ባለው በግሪን ባንክ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ አዳምጠውታል፤ ምንም ምልክት አልተሰማም። የተሠራ ነገር ሲገኝ ደግሞ ደብቀው አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኦሙዋሙዋን ያገኘው ያው የሃዋይ ቴሌስኮፕ አንድ ትንሽ አካል አየ። በመጀመሪያ አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞር ዓለት፣ መሰለ። ኋላ ግን የፀሐይ ብርሃን እንደ ባዶ ጣሳ ሲገፋው ተስተዋለ። መንገዱን ወደ ኋላ ሲያሰሉ ሰርቬየር 2 የተባለውን የአሜሪካ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1966 ወደ ጨረቃ ያስወነጨፈው ሮኬት የላይኛው ክፍል ሆኖ ተገኘ። ከገላው የተንጸባረቀው ብርሃንም ከማይዝግ ብረት ጋር ገጠመ።

ይህን ስነግራቸው አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች። «አትላስ ላይስ ብረታ ብረት አላገኙም?» አግኝተዋል፤ የኒኬል ተን። ያው ተን ግን እ.ኤ.አ. በ2019 በተገኘው በሁለተኛው እንግዳ በቦሪሶቭም፣ በራሳችን ሥርዓተ ፀሐይ ጅራታም ኮከቦችም ላይ ታይቷል፤ ስለዚህ የመንኮራኩር ማስረጃ አይሆንም።